ማክሰኞ ማክሰኞ የሚደፈርሰው ውሃ

ግድግዳው እስከ ቀትር ድረስ ነጭ ነበር። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ከመሬት እስከ መስኮቱ ቡናማ ፍንጣቂ ተረጭቶበት አገኘችው። ጠርዝ ጠርዙ ደርቋል፤ በጥፍሯ ስትፍቀው እንደ ዱቄት ረገፈ። ከግድግዳው ፊት አንድ አሮጌ ፒክአፕ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል፤ ጥርስ ሐኪም ፊት የተቀመጠ ሰው ይመስል። መሬት ላይ አንድ እግር ጫማ፣ አንድ የራዲያተር ክዳን፣ ከክዳኑ አጠገብ ደግሞ ተጠምዝዞ የደረቀ ጨርቅ ወድቋል።

«ያለቀለት ጉዳይ ነው» አላት ሳጅኑ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ።

«አንተ ዘንድ ያላለቀ ጉዳይ አይቼ አላውቅም። ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

ሳጅኑ በር ሞልቶ የሚገባ ሰው ነው። ማስታወሻውን ሳያወጣ በጣቶቹ እየቆጠረ ነገራት። ግቢው የዶሮ እርባታ ነው። ባለቤቱን ሠራተኛውም ጎረቤቱም «ጋሼ» ነው የሚለው። ከሁለት ወር ወዲህ የመኪናው የራዲያተር ውሃ እየደፈረሰ አስቸግሯል። መካኒክ አራት ጊዜ አጥቦታል፤ አራት ጊዜም ተመልሶ ጭቃ ሆኗል። የሚደፈርሰው ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው። ማክሰኞ መኪናውን የሚነዳው የጋሼ እህት ባል ነው፤ የአንድ ቀን ጫጩቶች ጭኖ ከዳገቱ ማዶ ላሉ ደንበኞች ያደርሳል። ዛሬም ማክሰኞ ነው። አማቹ ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሶ መኪናውን እዚህ አቆመ፤ ጋሼ መጥቶ የራዲያተሩን ክዳን ሲነካ የፈላው ውሃ ፊቱ ላይ ፈነዳ።

«ፊቱና ግራ ክንዱ ተቃጥሏል። ዓይኑን ገና አላወቁትም። እስኪወስዱት ድረስ ‹የእህቴ ባል ነው! ክዳኑን አላልቶ ያቆየልኝ እሱ ነው!› እያለ ሲጮህ ነበር።»

«አማቹስ የት አለ?»

«እኛ መኪና ውስጥ። ክንዱን ስይዘው ‹እሺ› ብሎ ገባ። ንጹሕ ሰው ዝም ብሎ እሺ ይላል?»

«አንተ ክንዱን ስትይዘው እምቢ የሚል ማነው?»

ኢንስፔክተሯ ጨርቁን፣ ክዳኑንና ከግድግዳው የፋቀችውን ደቃቅ በየፌስታሉ ከተተች። ከዚያ የጋቢናውን በር ከፈተች። መኪናው በዕድሜ ይበልጣታል። የማሞቂያው ማንሻ ወደ «ዝግ» ተገፍቶ በቀጭን ሽቦ ታስሯል፤ ሽቦው ሁሉ ዝጎ፣ መታጠፊያው ላይ ብቻ እንደ አዲስ ያበራል። በተሳፋሪው ወንበርና በአየር መውጫው ወንፊት ላይ ቢጫ ነገር አየች። በጣቷ አነሳችው። የጫጩት ላባ ነው፤ ከትንፋሽ የቀለለ።

«ጫጩቶቹ የሚጫኑት የት ነው?»

«ከኋላ ነዋ፣ ሸራ ለብሰው። ጋሼ ጋቢናዬን እንዳታበላሹ ብሎ ከልክሏል አሉ።»

ላባውን ማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ አስገብታ ዘጋችው።

*

ጋሼ ሁለቱ ዓይኖቹ ታሽገው ተጋድሟል። ግራ ክንዱ እስከ ትከሻው በፋሻ ተጠቅልሏል። ቀኝ እጁ ግን አንሶላው ላይ ተዘርግቷል፤ መዳፉ ላይ ከሥራ ጠባሳ በቀር አንድም ነገር የለበትም።

«ማነሽ?»

«ፖሊስ ነኝ።»

«ሴት ነሽ።»

«አዎ፣ ሲነገረኝ ነው የኖረው። ዛሬ ምን ሆነ?»

«ገደለኝ፣ ያ ነው የሆነው! ክዳኑን ገና በጣቴ ስነካው ነው የወረወረው። አላልቶ አስቀምጦልኝ።»

«ሞተሩ እንደጋለ ለምን ነኩት?»

«አልጋለም» አለ። «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የማውቀው መኪና ነው። አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

«ልማር ነው። አማችዎ ለምንድነው ጭቃ የሚጨምርበት?»

«ሊረከበኝ ነዋ! መኪናው ከቆመ እርባታው ይቆማል። እርባታው ሲቆም እኔ ደክሞኛል ብዬ ቁልፉን እንድሰጠው ነው። መካኒኩ ራሱ ነግሮኛል። ‹ጋሼ፣ ይሄ የመኪና በሽታ አይደለም፣ የሰው እጅ ነው› ብሎኛል። ያ ሰውዬ ሲናገር በከንቱ አይናገርም፤ ‹ዶክተር› የሚሉት ወደው መሰለሽ?»

«ራዲያተሩ ውስጥ እርስዎ ምን ይጨምራሉ?»

«ንጹሕ ውሃ። ከራሴ ጉድጓድ። ያንን አረንጓዴ ፈሳሽ የሚገዛ ሞኝ ነው።»

ከክፍሉ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት መንገዷን ዘጋቻት። የሥራ ሽርጧን አላወለቀችም፤ የመኖ ዱቄት እስከ ክርኗ ነጭ አድርጓታል። የጋሼ እህት ናት።

«ባሌን መቼ ነው የምትለቁት?»

«ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«የሠራው ነገር የለም። አንድ ጫጩት ሲሞትበት ምሳውን የሚተው ሰው ነው፣ ሰው ሊያቃጥል?»

«ሁሉም ሚስት እንደዚያ ነው የምትለው።»

«ሁሉም ፖሊስ ደግሞ እንደዚያ ነው የሚመልሰው» አለች እህትየው። ከዚያ ድምፅዋን ቀነሰች። «ስሚኝ። እዚያ የተኛው ሰው አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ያሳደገኝ ነው። ጫማ ያሰረልኝ እሱ ነው። አሁን ደግሞ የልጄን አባት እስር ቤት ሊያስገባ ነው። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ወይ ወንድም የለኝም፣ ወይ ባል የለኝም። የትኛው እንደሆነ አንቺ ፈልገሽ ንገሪኝ።»

*

አማቹ ቀጭን ሰው ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ሊነሳ እንደፈለገ ሁሉ ተቀምጧል።

«ማክሰኞ ራዲያተሩን ትከፍታለህ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«አልከፍትም። ጠዋት ውሃውን የሚያየው ጋሼ ነው። እኔ መንዳት ብቻ ነው።»

«ዛሬ ስትመለስስ?»

«አቁሜ ባዶ ሳጥኖቹን አወረድኩ። ወደ ጫጩቶቹ ቤት ገባሁ። ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ጋሼ መሬት ላይ ነበር።»

«ስትገባ ያየህ ሰው አለ?»

«ዶሮዎቹ።» ቀልድ መሆኑን እሱም ዘግይቶ ነው ያወቀው፤ ደንግጦ «ማንም አልነበረም» አለ።

«ጫጩቶቹን የምትጭናቸው የት ነው?»

«ከ… ከኋላ።»

«ጋቢናው ውስጥ ላባ አየሁ።»

«ነፋስ አምጥቶት ይሆናል።»

ዓይኑን አየችው። እሱ ግን ጫማውን ነው የሚያየው። ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ ሳጅኑ ፈገግ ብሎ ጠበቃት።

«ዋሸ አይደል?»

«ዋሸ።»

«ታዲያ!»

«የዋሸው ስለ ላባ ነው» አለች፤ ራሷም ነገሩ አልጣማትም። ስለ ላባ የሚዋሽ ሰው ስለ ምን እውነት ይናገራል?

*

ረቡዕ ጠዋት መኪናውን ጎትተው ዶክተር ጋራዥ አስገቡት። ጣቢያው የራሱ መካኒክ የለውም፤ መኪና የሚመረመርበት ጉዳይ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚጠሩት እሱን ነው፤ ሁልጊዜም የምርመራ ወረቀት የሚጽፈው እሱ ነው። ኢንስፔክተሯ ይህን ልማድ እስከዚያ ጠዋት ድረስ አንድም ቀን አላሰበችበትም።

ዶክተር ስልሳን የተጠጋ፣ ቱታው ላይ ዘይት የማይታይበት መካኒክ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ራዲያተሩ ውስጥ በባትሪ አየ፤ በማንኪያ ቀድቶ አሸተተ።

«እዪ ልጄ። የሞተሩ ማሸጊያ ጋስኬት ተቃጥሎ ዘይት ቢገባበት ኖሮ እንደ ወተት ይነጣ ነበር። አልነጣም። ራዲያተሩ አርጅቶ እንዳልል አምና ነው የቀየርኩት። እኔ ይቺን መኪና አራት ጊዜ እስከ ሆዷ ድረስ አጥቤያታለሁ። ሆዷ ንጹሕ ነው። ንጹሕ ሆድ በሳምንቱ ጭቃ ካወጣ ያበላው ሰው አለ ማለት ነው።»

«አንድም ሌላ ምክንያት የለም?»

«በእኔ እጅ ያለፈ መኪና በአንድ በሽታ ሁለት ጊዜ ተመልሶ አያውቅም። ጠይቂ።»

«ይሄ አራት ጊዜ ተመልሷል።»

ዶክተር ወደ መኪናው ዞረ። ጋቢናውን ከፍቶ መሪው ሥር አጎነበሰ፣ ምንጣፉን ገለጠ፣ እጁን ከሾፌሩ ወንበር ሥር ሰደደ። ሳጅኑ ከጀርባው ቆሟል። ኢንስፔክተሯ ከመኪናው ወዲያኛው በኩል ነበረች። ዶክተር ቀና ሲል እጁ ላይ የተቋጠረ የመኖ ከረጢት ቁራጭ ይዟል።

«ይሄስ?» አለ።

ቋጠሮው ሲፈታ ውስጡ ቀይ ቡናማ ዱቄት ነው። ዱቄቱ በደንብ የደቀቀ፣ ቀለሙም ቁርጥ ግድግዳው ላይ የደረቀው ጭቃ ነው።

«እህ!» አለ ሳጅኑ። «በራሱ መኖ ከረጢት! አሁንስ አላለቀለትም?»

«ትናንት የወንበሩን ሥር አይተኸው ነበር?»

«አይቻለሁ።» ጆሮው ቀላ። «ማለቴ… ከላይ ከላይ።»

ኢንስፔክተሯ ቋጠሮውን ተቀብላ ወጣች። ከጋራዡ ጓሮ ባለው መተላለፊያ ስታልፍ አንድ ላሜራ ቀጥቃጭ ፀረ ዝገት ቀለም የተቀባ የመኪና በር በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ ነው። ቀይ አቧራ የለበሰ ጥቁር ጫማዋን እያየች ተራገመች፤ ጠዋት ነበር የወለወለችው።

*

ቢሮዋ ስትገባ ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ ለመላክ ደብዳቤ ጀመረች። ውጤቱ የሚመጣው በሦስት ሳምንት ነው። ፍርድ ቤቱ ነገ ሦስት ሰዓት። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ሁለት ብርጭቆ ውሃ አምጣ» አለችው ሳጅኑን።

«አንድ አይበቃዎትም?»

«ለመጠጥ አይደለም።»

በአንደኛው ብርጭቆ ከግድግዳው የፋቀችውን ደቃቅ ጨመረች። ደቃቁ ወዲያው ወደ ታች ወርዶ እንደ አሸዋ ተኛ፤ ውሃው ደፈረሰ። በሁለተኛው ከቋጠሮው አንድ ቁንጥር በተነች። ዱቄቱ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። በማንኪያ አማሰለችው፤ ጥቂት ዞሮ ተመልሶ ላይ ወጣ፤ ውሃው ከሥሩ ጥርት ያለ ነው።

ሳጅኑ ጠጋ አለ። «ለምን አልሰጠመም?»

ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ማግኔት ነቀለች። ወረቀት ጠቅልላ ወደ ግድግዳው ፍቅፋቂ ስታስጠጋው ብዙው እንደ ጉንዳን ተሰብስቦ ተጣበቀ። ወደ ቋጠሮው ስታስጠጋው አንዲት ቅንጣት አልተነሳችም። ቋጠሮውን አሸተተችው። የቲነር ሽታ አለው።

«ግድግዳው ላይ ያለው ብረት ነው» አለች። «ዝገት። ይሄኛው የቀለም ዱቄት ነው። ይሄ ራዲያተር ውስጥ ገብቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን ወንበሩ ሥር ተቀመጠ?»

«እንደገባ እንድናምን።»

ሳጅኑ አንዴ ብርጭቆዎቹን አንዴ እሷን አየ። «ቆይ። እንግዲያው ያስቀመጠው…»

«ቆይ አንተ። አንድ ቀን እንኳ አንድ ነገር ሳያልቅ ይቆይ። ጭቃው ዝገት ከሆነ ከየት ነው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ የሚመጣው? ያንን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፣ እሱ ደግሞ ስለ ላባ እየዋሸኝ ነው።»

*

ደብተሯን ከፍታ ላባውን ጠረጴዛው ላይ፣ አማቹ ፊት አኖረችው።

«ነፋስ የሚባል ነገር እንዳትነግረኝ። ጫጩቶቹን ጋቢና ነው የምትጭናቸው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሰው በማቃጠል ትከሰሳለህ፤ አንተ ግን የምትደብቀው ጫጩት ነው። ለምን?»

አማቹ ላባውን አየ። በትንፋሹ እንዳይበር እጁን ከለላ አደረገለት፤ ልማድ መሆኑ ያስታውቃል።

«ዳገቱ ላይ ሲነጋ ብርድ ነው» አለ በመጨረሻ። «ከኋላ ስጭናቸው በአንድ ጉዞ ሠላሳ፣ አርባ ይሞታሉ። ደንበኛው ደጃፍ ላይ ሳጥኑን ስከፍት… እግራቸውን ዘርግተው። አልቻልኩም። ወደ ጋቢና አስገባኋቸው፣ ማሞቂያውን ከፈትኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቢሞቱ ነው።»

«ማንሻው በሽቦ ታስሯል።»

«ጋሼ ነው ያሰረው። ማሞቂያ ሞተር ያደክማል ይላል። ዳገቱ ሥር እፈታዋለሁ፣ ልገባ ስል መልሼ አስረዋለሁ።»

«ጋሼ ጫጩቶቹ መሞት ያቆሙት በምን ይመስለዋል?»

አማቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለ። «ውሃቸው ላይ በሚጨምረው ቫይታሚን። ለጎረቤት ሁሉ ነግሯል። አሁን ሌሎችም ያንን ቫይታሚን ጀምረዋል።»

«ይህን ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«ሚስቴ ‹ከጋሼ ጋር አንድ ጊዜ ብትጋጭ ልጄን ይዤ ከዚህ ግቢ እወጣለሁ› ብላኛለች። ከዚያ ግቢ ውጭ ደግሞ አንድ ቀን አድራ አታውቅም። ዓይኑ የጠፋ ሰው ላይ ደግሞ ‹ትእዛዝህን ጥሼ ነበር› ልበል?» ትከሻውን ሰበቀ። «እርስዎ ከጋሼ ጋር አልኖሩም።»

ኢንስፔክተሯ ተነስታ ነበር። በሩ ላይ ቆመች።

«ማሞቂያውን መክፈት የጀመርከው መቼ ነው?»

«ሁለት ወር ይሆነኛል።»

*

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተር ጋራዥ ሲመለሱ ሳጅኑ ሁለት ባዶ የጠርሙስ ማሰሮዎችን በግዙፍ እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ ነበር።

«አንድ ጊዜ እጠቡልኝ» አለችው ዶክተርን። «ሁልጊዜ እንደሚያጥቡት፤ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ።»

«ለምን?»

«ምርመራው ላይ ልጽፈው።»

ዶክተር መነጽሩን አወረደ። ከራዲያተሩ ግርጌ ያለውን ቧንቧ ከፈተ፤ ቡናማው ውሃ ፈሰሰ። ከላይ የውሃ ጎማ ከተተ፤ ከታች የሚወጣው እስኪጠራ ጠበቀ። ዘጋ፣ ሞላ፣ ሞተሩን አስነሳ። ሃያ ደቂቃ ሠራ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን እየተዉ ዙሪያውን ከበቡ። ኢንስፔክተሯ ሞተሩን አስጠፍታ፣ ከታችኛው ቧንቧ አንዱን ማሰሮ ሞላችና ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ውሃው ሊጠጡት ያስመኛል።

«ይኸው» አለ ዶክተር። «እስከ ሆዷ።»

ኢንስፔክተሯ ጋቢና ገባች። ሽቦውን ፈታች፤ ያ የሚያበራው መታጠፊያ በእጇ እንደ ክር ተዘረጋ። ማንሻውን ገፋችው። ሞተሩን አስነሳችና እጇን አየር መውጫው ፊት አደረገች። መጀመሪያ ቀዝቃዛ አየር ነበር፣ ቀጥሎ ለብ አለ፣ ከዚያ ሞቀ። አንድ የቢጫ ላባ ቅንጣት ከወንፊቱ ወጥታ ጭኗ ላይ አረፈች።

አሥር ደቂቃ። ሁለተኛውን ማሰሮ ሞላችው። የወጣው ውሃ እንደ ጠቆረ ሻይ ነበር።

ሠራተኞቹ ወደ ማሰሮው ተጠጉ። ሳጅኑ «ማን ጨመረበት?» አለ፤ ወዲያው ጥያቄውን ራሱ ሰማውና አፉን ያዘ።

«ማንም» አለች። «ሁሉም ቆሞ እያየ ነው። ጭቃው ማሞቂያው ውስጥ ነው የሚኖረው። ጋሼ ማሞቂያ አይከፍትም፤ በሱ ቀን ጭቃው ይተኛል። አማቹ ማክሰኞ ማክሰኞ ለጫጩቶቹ ሲከፍተው ወደ ሞተሩ ይወጣል። ዶክተር፣ ማሞቂያውን ዘግተው ነው የሚያጥቡት።»

«ባለቤቱ ያችን ሽቦ አትንኳት አለኝ።»

«የሞተሩ ጎን ላይ ያለውስ የውሃ ማፍሰሻ ብሎን? ዙሪያው ላይ ቁልፍ አርፎበት የሚያውቅ አይመስልም።»

«ዝጓል። ብነካው ይሰበራል። ከተሰበረ ሞተር ማውረድ ነው።»

«ስለዚህ አልነኩትም። ‹እስከ ሆዷ አጠብኩ› ግን አሉ።»

ዶክተር ማሰሮውን አንስቶ ወደ ብርሃን አደረገው። «እንዴት ሳላስበው ቀረሁ…» አለ፤ ይህን ሲል አላስመሰለም፤ አፍሯል። ኢንስፔክተሯ እዚህ ላይ ብትተወው ኖሮ ያዘነችለት ትመስል ነበር። አልተወችውም።

«አንድ ነገር ቀርቷል። ከወንበሩ ሥር ያገኙት።»

አንድ ብርጭቆ ውሃ አስመጥታ ከቋጠሮው ቁንጥር በተነችበት፤ ተንሳፈፈ። ወደ ጓሮ ሄዳ ያንን የተፈገፈገ በር በጣቷ ጠረገችና መጣች። ጣቷን ብርጭቆው ላይ አራገፈች። አዲሱ ዱቄት ከፊተኛው ጎን ሄዶ ተንሳፈፈ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

ላሜራ ቀጥቃጩ ብርጭቆ ወረቀቱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው። «እኔ ምንም አላውቅም» አለ ማንም ሳይጠይቀው።

«እሱ አያውቅም» አለ ዶክተር። ጎማ ላይ ተቀመጠ። «ትናንት ማታ ነው የሰማሁት። ጋሼ ዓይኑን እንዳጣ። ‹የሰው እጅ ነው› ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። እኔ ባልለው ኖሮ የጋለ ራዲያተር አይከፍትም ነበር። ዛሬ ጠዋት ከፍቼ ሳየው ዝገት መሆኑን አወቅኩ። ከረጢቱ ከኋላ መጫኛው ላይ ወድቆ ነበር፤ እናንተ የመጎተቻውን ሰንሰለት ስትፈቱ…» እጁን ወደ ጓሮው ጠቆመ። «ዱቄቱን ከዚያ ቋጠርኩት።»

«ሰው ሊያስሩበት።»

«ይለቁታል ብዬ ነበር። አንድ ሁለት ወር።»

«አንድ ሁለት ወር!» አለ ሳጅኑ። ሳጅኑ ሲቆጣ ኢንስፔክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያኔ ነው።

«ሃያ ስድስት ዓመት ዶክተር ሲሉኝ ኖሬ፣ ‹አላወቅኩትም› ልበል?»

«አዎ» አለች። «ሁለት ቃል ነው። ተነሱ።»

*

ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ቋጠሮው ከክሱ ወጥቷል፤ የጋሼ ቃል ግን አልወጣም። ዓቃቤ ሕጉ በስልክ ነግሯታል፤ ተጎጂው «ክዳኑን አላልቶታል» እስካለ ድረስ አማቹ ሦስት ሰዓት ላይ ይቀርባል።

የጋሼ ቀኝ ዓይን ፋሻ ተነስቶለታል። ቀልቷል፤ ግን ያያል። እህቱ ከአልጋው ግርጌ ቆማለች። ኢንስፔክተሯ ሌሊቱን ሙሉ የጠራ፣ ግርጌው ላይ ጭቃ የተኛበትን ማሰሮ ኮሞዲኖው ላይ አስቀመጠች። ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ዶክተር፣ ስለ ቀዩ ዱቄት ነገረችው። ሲሰማ አልተንቀሳቀሰም።

«ጭቃውን ግን ማን አስገባው?» አለ በመጨረሻ።

«ትናንት ሳይመሽ እርባታው ሄጄ ነበር። የጫጩቶቹ ውሃ መጠጫ ሁሉ ውስጡ ቡናማ ነው፤ የጉድጓድዎ ውሃ ብረት ይተፋል። ያንን ነው ሃያ ሁለት ዓመት የሞሉበት። አረንጓዴው ፈሳሽ ዝገት የሚከለክል ነበር።»

ጋሼ ከንፈሩን አረጠበ። ከጣሪያው ላይ ዓይኑን አላነሳም።

«ቫይታሚኑስ?» አለ በቀስታ።

«ማሞቂያው ነው» አለች እህቱ።

ኢንስፔክተሯ ጨርቁን ከፌስታሉ አወጣች። እንደተጠመዘዘ ደርቋል፤ መሃሉ ላይ የክዳኑ ክብ ጎልቶ ታትሟል።

«የላላ ክዳን በጣት ነው የሚነሳው። ይሄ በጨርቅ ተይዞ፣ በኃይል ተጠምዝዞ ነው የተፈታው። ለዚያ ነው ፊትዎ ተቃጥሎ ቀኝ መዳፍዎ የዳነው። ክዳኑ ጠብቆ ነበር፣ ጋሼ። ሞተሩም ግሎ ነበር።»

ጋሼ ቀኝ እጁን አንሶላው ሥር ደበቀ፤ ሕፃን ሆነ። ኮሪደሩ ላይ የጋሪ ጎማ እየጮኸ አለፈ። ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች፤ ልትደብቀው አልሞከረችም።

«ጋሼ» አለች እህቱ። «ፊቴን እያዩ ይንገሩኝ።»

አላያትም።

«ሳይቀዘቅዝ ካላየሁት ያጠፋዋል ብዬ ነው» አለ። «እጅ ከፍንጅ ልይዘው… ጠብቆ ነበር። እኔ ነኝ የፈታሁት።» አንሶላውን ወደ ደረቱ ሳበ። «ከተቃጠልኩ በኋላ ደግሞ… ሰው ሁሉ ቆሞ እያየኝ… በገዛ እጄ ነው እንዴት ልበል?»

ኢንስፔክተሯ ቃሉን ጻፈች። ወረቀቱን በደብተሯ ላይ አስደግፋ ብዕር ሰጠችው። በአንድ ዓይኑ መስመሩን ፈለገ፤ ፊርማው ተንጋደደ፤ ግን ፈረመ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ይቀራል። ኢንስፔክተሯ ወደ በሩ ስትሄድ እህትየው ሽርጧን ከወንበሩ ላይ አንስታ ተከተለቻት።

«ሲፈታ ወደ ግቢ ይመጣል?» አለ ጋሼ ከኋላቸው። «ምንም እንዳልተፈጠረ… ይምጣ። ማሞቂያውንም ይክፈት በይው። ሽቦውን እኔ ራሴ እጥለዋለሁ።»

እህትየው በሩ ላይ ዞረች። ልብሷ ላይ ያለውን መኖ አራገፈች።

«የልጁን ልብስ ትናንት ሰብስቤያለሁ» አለች። «ለማክሰኞ ሾፌር ይፈልጉ፣ ጋሼ።»